ከሚሽከረከረው ዲስክ ወደ ኤስ.ኤስ.ዲ.፤ የኮምፒዩተርን መሪ ፕሮግራም የማዛወር ታሪክ

ከመተማ ተነሥተን በገላባት በኩል ወደ ገዳሪፍና ወደ መፋዛ ስንዘልቅ የምናየው አገር፣ ማሽላና ሰሊጥ የሚበቅልበት ሰፊ የጥቁር አፈር ሜዳ ነው። በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ዝናም ሊገባ ሲልም ሱዳኖች «ሐቡብ» የሚሉት የአቧራ ማዕበል ይነሣል። አቧራው የኮምፒዩተሩን ማቀዝቀዣ ይደፍናል፤ ሙቀቱና የመንገዱ መንገጫገጭ ደግሞ በውስጡ የሚሽከረከረውን ዲስክ ይጎዳል። በእንዲህ ያለ ቆላ ለሚያስተምር መምህር፣ አሮጌውን ኮምፒዩተር ጥሎ አዲስ ከመጠበቅ ይልቅ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለውን መሪ ፕሮግራም ወደ ኤስ.ኤስ.ዲ. ማዛወር ይቀላል። ሥራው የራሱ ታሪክና የራሱ አደጋ ስላለው፣ ሁለቱን አያይዘን ለማስረዳት እንሞክራለን።

የዲስክ ታሪክ የሚጀምረው አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1956 ራማክ የተሰኘውን መሣሪያ ባወጣ ጊዜ ነው። ማኅደሩ እያንዳንዳቸው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው 50 ዲስኮች ነበሩት፤ የሚይዘው ግን 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ነበር። ይኸው ኩባንያ በ1981 ለግለሰብ የሚሆን ኮምፒዩተር ሲያወጣ፣ ዶስ የተባለው መሪ ፕሮግራም የሚነሣው ከፍሎፒ ዲስክ ነበር። በ1983 ግን 10 ሜጋ ባይት የሚይዝ ቋሚ ዲስክ ያለው ኤክስ.ቲ. የተባለ ሞዴል ወጣ። መሪው ፕሮግራም ከፍሎፒ ወደ ቋሚ ዲስክ በሰፊው መዛወር የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

በዚያን ጊዜ እንደ ታወቀው፣ ፋይሎቹን እንደ ተራ ጽሑፍ መገልበጥ ብቻውን ኮምፒዩተሩን አያስነሣም። ኮምፒዩተሩ ሲከፈት በዲስኩ ላይ በተወሰነ ስፍራ የተቀመጠችውን አጭር የማስነሻ ፕሮግራም ይፈልጋል፤ እርሷም ወደ መሪው ፕሮግራም ታደርሰዋለች። በዶስ ዘመን ይህን ለማዛወር «ሲስ» የሚባል ልዩ ትእዛዝ ነበረ። ዛሬም ዲስኩን ከነክፍሎቹ የሚገለብጥ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ አለዚያ መሪውን ፕሮግራም በአዲሱ ማኅደር ላይ እንደገና መጫን ግድ ይሆናል።

ኤስ.ኤስ.ዲ. የመጣው በሌላ መንገድ ነው። የጃፓኑ ቶሺባ ባልደረባ ፉጂዮ ማሱኦካ እ.ኤ.አ. በ1984 ፍላሽ የተባለውን ማኅደር ለዓለም አስተዋወቀ። በ1991 ሰንዲስክ የተባለው ኩባንያ 20 ሜጋ ባይት የሚይዝ የፍላሽ ማኅደር አቀረበ፤ ዋጋው 1,000 ዶላር ያህል ነበር። በዚህ ማኅደር ውስጥ የሚሽከረከር ነገር የለም፤ መረጃው የሚያዘው በጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ በታሰረ የኤሌክትሪክ ሙል ነው። በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚዞረው ዲስክ አንድ መረጃ ፈልጎ ለማግኘት 10 ሚሊ ሰከንድ ያህል ሲወስድበት፣ ኤስ.ኤስ.ዲ. ከ1 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያገኘዋል። መሪው ፕሮግራም ሲነሣ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ፋይሎችን ስለሚያነብ፣ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው።

በመሠረቱ የተጻፈን ነገር ከአንዱ ማኅደር ወደ ሌላው ማዛወር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ፣ 9,000 ያህል መጻሕፍት ተነሥተዋል። ይሁን እንጂ ፊልሙ ተነሣ ተብሎ ብራናው አልተጣለም።

እኛም ሥራውን ስንጀምር አስቀድመን የተማሪዎችን ውጤትና ጽሑፎቻችንን በሦስተኛ ዕቃ ላይ እንገልብጥ። ቀጥለን ምንጩንና መድረሻውን ለይተን እናረጋግጥ፤ ሁለቱን ያቀያየረ ሰው ባዶውን በሙሉው ላይ ስለሚገለብጥ፣ የዓመታት ሥራ በጥቂት ጊዜ ይጠፋል። ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት ስፍራ ባትሪው የተሞላ ላፕቶፕ ወይም የኃይል መጠባበቂያ ያስፈልጋል። ኮምፒዩተሩ ከአዲሱ ማኅደር ተነሥቶ ለሳምንታት በደኅና እስኪሠራ ድረስም አሮጌውን ዲስክ አናጥፋ።

በመጨረሻም፣ ኤስ.ኤስ.ዲ. መንገጫገጭን ቢችልም ከሙቀት ነፃ አይደለም። ኤሌክትሪክ ሳያገኝ በሞቃት ክፍል ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠ የታሰረው ሙል ቀስ በቀስ ያመልጣል፤ መረጃውም ይበላሻል። ስለዚህ በቆላ ያለ ትምህርት ቤት ለዕለት ሥራ ይጠቀምበት እንጂ፣ የተማሪዎቹን መዝገብ በእርሱ ብቻ አስቀምጦ ክረምቱን ቁም ሣጥን ውስጥ አይቆልፍበት።