ዘካተል ፊጥርና የመዲናው መስፈሪያ



የረመዳን ጾም በተፈጸመ ጊዜ የእስልምና ተከታይ የሆነ ሰው ለዒድ ሶላት ከመውጣቱ አስቀድሞ ለድኃ ሊሰጠው የሚገባ ግዴታ አለበት። ይህም ዘካተል ፊጥር ይባላል፤ በአገራችን ሙስሊሞች ዘንድ ባጭሩ ፊጥራ ሲባል ይሰማል። ስጦታው በመጠኑ አነስተኛ ነው። ሆኖም ስለ ልኩ ታላላቅ ሊቃውንት ብዙ ተከራክረውበታልና ዛሬ የምናወሳው የዚህን መስፈሪያ ታሪክ ነው።

ግዴታው የተደነገገው በሂጅራ 2ኛው ዓመት፣ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ624 ዓ.ም.፣ የረመዳን ጾም በታዘዘበት ዓመት በመዲና ከተማ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ጠበሪ የዚያን ዓመት ነገር ሲተርክ፣ ነቢዩ መሐመድ ለዒድ ሶላት ሕዝቡን አስከትለው ወደ ሜዳ እንደ ወጡና በፊታቸውም አጭር ጦር ተይዞላቸው እንደ ነበረ ይገልጻል። ይህን ጦር ለዙበይር ኢብን አልዐዋም የሰጠው የሐበሻው ንጉሥ ነጃሺ መሆኑንም ጨምሮ ጽፏል። ዙበይር ከመካ ሸሽተው ወደ ሐበሻ ከመጡት ስደተኞች አንዱ ነበረ።

የታዘዘው ልክ ለእያንዳንዱ ነፍስ አንድ ሷዕ ተምር ወይም ገብስ ነበረ። ሷዕ አራት ሙድ ሲሆን፣ አንዱ ሙድ መካከለኛ ሰው ሁለት እጁን ገጥሞ የሚዘግነው እፍኝ ነው። የቤቱ ጌታ ለራሱ ብቻ ሳይሆን በሥሩ ለሚተዳደሩት፣ ለሕፃናቱም ጭምር ይሰፍራል። የሀብት ዘካ የሚጠየቀው የተወሰነ ሀብት ያለው ሰው ነው፤ ፊጥራን ግን በብዙዎቹ ሊቃውንት አስተያየት ለዒዱ ሌሊትና ቀን ከሚበቃው ምግብ የተረፈው ሁሉ ይከፍላል። ስለዚህ ድኃው ራሱ ተቀባይም ሰጪም የሚሆንበት ጊዜ አለ። የግዴታው ምክንያት ሁለት ነው፤ ጾመኛውን ከከንቱ ንግግር ያነጻዋል፤ ችግረኛውም በበዓል ቀን ከመለመን ያርፋል።

ክርክሩ የተነሣው የእስላም መንግሥት ከሰፋ በኋላ ነው። ከ661 እስከ 680 ዓ.ም. የገዛው ኸሊፋ ሙዓዊያ ወደ መዲና በመጣ ጊዜ፣ ሁለት ሙድ የሶርያ ስንዴ ከአንድ ሷዕ ተምር ጋር ይተካከላል ብሎ በሕዝብ ፊት ተናገረ። ሕዝቡም ተቀበለው። የነቢዩ ባልደረባ የነበረው አቡ ሰዒድ አልኹድሪ ግን በነቢዩ ዘመን ይሰጥ የነበረውን ሙሉውን ሷዕ ዕድሜውን ሙሉ ከመስጠት አልተመለሰም።

ከዚህም በኋላ ሷዕ ራሱ ስንት ነው የሚል ጥያቄ ተነሣ። የኢራቁ ሊቅ አቡ ሐኒፋ 8 ረጥል ነው ሲል፣ የመዲናው ሊቅ ማሊክ 5 ረጥል ከሢሶ ነው ይል ነበር። የአቡ ሐኒፋ ደቀ መዝሙር የነበረው፣ በኸሊፋው ሃሩን አርረሺድ ዘመን የዳኞች ሁሉ አለቃ የሆነው አቡ ዩሱፍ ወደ መዲና ሄዶ ነገሩን መረመረ። የከተማይቱም ሰዎች ከአባቶቻቸው የወረሱትን መስፈሪያ እየያዙ መጡ፤ ሲለካም ሁሉም 5 ረጥል ከሢሶ ያህል ሆኖ ተገኘ ተብሎ ይተረካል። አቡ ዩሱፍም የመምህሩን ቃል ትቶ የመዲናውን ልክ ተቀበለ።

በዚህ ፍርድ መስፈሪያው አነሰ እንጂ አልበዛም። መብዛቱ ለተቀባዩ ድኃ በጠቀመ ነበር ይባል ይሆናል። ነገር ግን ያው መስፈሪያ ጥቂት ብቻ ከተረፈው ሰው ቤትም የሚወጣ ነውና፣ በርኅራኄ ስም የተጨመረው ትርፍ በሌላው ድኃ ላይ ዕዳ ይሆናል።

ዛሬ በብዙ አገር የሃይማኖቱ መሪዎች የፊጥራን ልክ በየዓመቱ በገንዘብ ተምነው ያስታውቃሉ፤ አቡ ሐኒፋ በእህሉ ፈንታ ዋጋውን መስጠት ይቻላል ብሎ ነበርና። ሌሎች ሊቃውንት ግን እህሉ ራሱ ይሰጥ ይላሉ። ተመኑ በእህልም ይሁን በገንዘብ፣ የሕዝብን ጉዳይ ለሚመዝን ሰው ሁሉ ከአቡ ዩሱፍ የሚቀር ምሳሌ አለ፤ እርሱ ታላቅ ሹመትና የመምህሩ ክብር ሳያግዱት፣ ተራ ሰዎች ከየቤታቸው ያመጡትን መስፈሪያ አይቶ ፍርዱን አስተካክሏል።