«ሳልታመም ክሊኒክ ምን ልሠራ?»



ሰሞኑን አሜሪካ ያለች አንዲት የድሮ ተማሪዬ ደወለችልኝ። ፋሚሊ ነርስ ፕራክቲሽነር ሆናለች። «ጋሼ፣ የእኛ ሰው ደህና ነኝ እያለ አይመጣም። ሲመጣ ደግሞ ግፊቱ ኩላሊቱን ጎድቶት ነው። እርስዎ የታሪክ ሰው ነዎት፣ እስቲ ጻፉበት» አለችኝ። እነሆ።

ሎሬታ ፎርድ የምትባል ነርስ ነበረች። በኮሎራዶ ገጠር፣ ሐኪም እንደልብ በማይገኝበት፣ እናቶችንና ልጆችን እየዞረች ታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 ከሕፃናት ሐኪሙ ከሄንሪ ሲልቨር ጋር በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የነርስ ፕራክቲሽነር ሥልጠና ጀመረች። ልብ በሉ፣ ዋና ትኩረቱ ጤነኛ ልጅ ነበር፤ እድገቱን መከታተል፣ ማስከተብ፣ እናቱን ማማከር። ተቃውሞ አልቀረላትም፤ ከራሳቸው ከነርስ መምህራን ጭምር። ዛሬ ግን በአሜሪካ ከ300 ሺህ በላይ ነርስ ፕራክቲሽነሮች አሉ። ፎርድ ይህን ሁሉ አይታ በ2025 በ104 ዓመቷ አረፈች።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ከዚያ 11 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1954፣ የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተከፍቶ ነበር። ከአንድ ዓመት በፊት ደምቢያን ወባ ፈጅቶታል። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን አንድ ላይ እያሠለጠነ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ላከ። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽንም የዚያው ሐሳብ ልጅ ነው፤ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ በሽታን ቀድመው እንዲከላከሉ ተሠማርተዋል።

ታዲያ ምን ጎደለ? የእኛ እግር።

ታላቅ እህቴ «ሳልታመም ክሊኒክ ምን ልሠራ?» ትል ነበር። የማህፀን በር ካንሰር ነው የወሰዳት። ዛሬ ነርሷ ወይም አዋላጇ የማህፀኑን በር በኮምጣጤ አሲድ ቀብታ፣ ደቂቃ ጠብቃ በዓይኗ ታየዋለች። ለካንሰር መነሻ የሚሆን ቁስለት ካገኘች ብዙ ጊዜ እዚያው ቀን ይታከማል። ለእህቴ ይህ ሳይደርስላት ቀረ። ለእናንተ ግን ደርሷል።

እህቶቼ፣ 30 ዓመት ከሞላችሁ ጤና ጣቢያ ጎራ በሉና ጠይቁ። ወንድሞቼ፣ ግፊት ምልክት ሳያሳይ ነው ውስጥ ውስጡን የሚሠራው፤ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ተለኩ። ሁለት ደቂቃ ነው!

ተለክቶ የመጣ ኮሜንት ላይ «ተለካሁ» ይበለኝ። ቁጥሩን አልጠይቅም። 🙏