ሚዛን በላስታ መንገድ፦ ከሴባስቶፖል ሠረገላ እስከ ስታብላይዘር



የታሪክ መምህር ስለ መኪና ብረት ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ነገሩን ያስጀመረኝ አንድ ጉዞ ነው። ከጋሸና ወደ ላሊበላ፣ በቆየ ላንድክሩዘር፣ ወደ ተከዜ በሚያቆለቁለው ጠመዝማዛ ስንወርድ መኪናው በየኩርባው ወደ ገደሉ ያዘነብል ነበር። «ጋሼ፣ ምን ነካው?» ብዬ ሾፌሩን ጠየቅኋቸው። «ስታብላይዘሩን ፈትቼዋለሁ፤ ድንጋዩ ላይ እግሩን አስሮ አላራምድ አለኝ» አሉ። ወዲያው ዳር ይዘው አቆሙና ከፖርቶመጋላው ሁለት ኩንታል ጤፍ አስወርደው ከመቀመጫዎቹ መካከል አስተኙት። ማዘንበሉ ቀነሰ።

ስታብላይዘር የግራና የቀኝ ጎማን የሚያገናኝ ጥምዝ የብረት ዘንግ ነው። መኪናው በኩርባ ላይ ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል ዘንጉ ይጠመዘዝና ማጋደሉን ይቃወማል። ድንጋያማ መንገድ ላይ ግን አንዱ ጎማ ብቻውን መውጣትና መውረድ ሲፈልግ ያው ዘንግ ይከለክለዋል። ሾፌሩ «እግሩን አስሮ» ያሉት ይህንኑ ነው።

ይህ ችግር በዚህ አምባ ላይ አዲስ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ጋፋት ላይ የተቀለጠውን ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በሠረገላ አስጎትተው፣ በጨጨሆና በደብረ ዘቢጥ በኩል አድርገው፣ የጅጣንና የበሽሎን ገደሎች ተሻግረው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ስድስት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሠረገላው ሞላም ዘንግም ስላልነበረው ንጉሠ ነገሥቱ የነበራቸው ምርጫ አንድ ብቻ ነበር፤ ገደሉን መቆፈር፣ መንገዱን ማስተካከል። በገዛ እጃቸውም ድንጋይ አንሥተዋል። የናፒየርን ዘመቻ የጻፈው ክሌመንትስ ማርካም ያን መንገድ አይቶ አድንቆታል።

ናፒየር በበኩሉ ከዙላ ተነሥቶ በላስታ በኩል ሲመጣ ከባድ መድፎቹን በዝሆን ጫነ፤ ከሕንድ ያስመጣቸው ዝሆኖች 44 ነበሩ። ቀሪው ዕቃ በአብዛኛው በበቅሎ ነበር። የበቅሎ ጫኝ ጥበብ ደግሞ የላስታ ገበሬ ከማንም የማይማረው ነው፤ ሁለቱ ጎን ካልተመጣጠነ ጭነቱ ይዞራል፣ ቁልቁለት ላይም እንስሳዋን ይዟት ይሄዳል።

በደርግ ዘመን ከወረታ እስከ ወልዲያ የተዘረጋው፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚለው፣ በጨጨሆና በደብረ ዘቢጥ በኩል የቴዎድሮስን አቅጣጫ ተከትሎ ያልፋል። ሞተር ወደ አምባው ወጣ። ነገር ግን መኪናው የተነደፈው ለዚህ አገር አልነበረም፤ በእኔ አስተያየት ከቴዎድሮስ ወዲህ የተለወጠው ዋናው ነገር ይህ ነው። ያኔ ሠራዊቱ መንገዱን ለሠረገላው አስተካከለ፤ ዛሬ መንገዱንና መኪናውን የሚያስታርቀው አንድ ሾፌር ነው፣ በመፍቻ።

የሚያስታርቅበትም ስሌት ቀላል አይደለም። የዘንጉ ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ከ20 ወደ 22 ሚሊ ሜትር ሲወፍር ጥንካሬው በግማሽ ገደማ ይጨምራል። የፊቱ ብቻ ሲጠነክር መኪናው በኩርባ ላይ ለመሪው አልታዘዝ ብሎ ወደ ውጭ ይገፋል፤ የኋላው ብቻ ሲጠነክር ጭራው ይሸሻል፣ ይህ ደግሞ እርጥብ አስፋልት ላይ ይበልጥ አደገኛ ነው። ስለዚህ አንዱን ጫፍ በጥቂቱ ለውጦ፣ ነድቶ ማየት ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ መዘንጋት የሌለበት ግን፣ ዘንጉ ማጋደልን ይቀንሳል እንጂ ጣሪያ ላይ የተከመረውን ክብደት ወደ ታች አያወርድም። ጠንካራ ዘንግ ያሰረ ሾፌር መኪናው አልዘነበለም ብሎ ከልክ በላይ ይጭናል፤ ይፈጥናልም። ይህ ከመፍታቱ ያላነሰ ያስፈራኛል።

ላሊበላ ባደርን ማግስት ሾፌሩ ወደ ወልዲያ አስፋልት ሊመለሱ ነበርና ዘንጉን ሲያስሩ ደረስኩ። ለጥ ያለ ቦታ መርጠው፣ ዘንጉ ከወዲሁ ተጠምዝዞ እንዳይታሰር እኔንና ረዳቱን መኪናው ውስጥ አስቀምጠው ነበር ብሎኖቹን ያጠበቁት። ጤፉ ወርዶ ነበር። ፖርቶመጋላው ላይ ግን በአዲስ ገመድ የታሰረ ሌላ ኩንታል አየሁ።