የባሌስትራ ነገር

የታላቅ ወንድሜን ፒክአፕ ከፍ ለማስደረግ ገንዘቡን ያበደርሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ መናገር ይገባኛል። ከዚህ በታች የምጽፈው የብረትና የመንገድ ታሪክ ቢሆንም፣ ተጽፎ ሲያልቅ ግማሹ የራሴ ኑዛዜ ሆኖ መገኘቱ አይቀርምና።

ወንድሜ በግና ፍየል ይነግዳል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተሠራች አንዲት ቶዮታ ሃይሉክስ ከሸዋ ሮቢት ወደ አፋር ቆላ የሚወርደውን የድንጋይና የአሸዋ መንገድ ይመላለስባታል። መንገዱ ክፉ ነው፤ የመኪናዋ ሆድ ድንጋይ ሳይዳስስ የሚያልፍበት ቀን አልነበረም። አንድ እሑድ ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ «ትንሽ ከፍ ብትልልኝ እኮ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለኝ። የባንክ ሠራተኛ ገንዘብ ሲያበድር ብዙ ይጠይቃል፤ ለወንድም ሲሆን ግን ጥያቄው ሁሉ ይጠፋል። ከቁጠባዬ አውጥቼ ሰጠሁት።

ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ ሥራውን በአንድ ቀን ጨረሰ። ከኋላ በባሌስትራው ላይ ሁለት ወፋፍራም ብረቶች ጨመሩበት። ከፊት ደግሞ በመጠምዘዙ ኃይል የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመውን፣ ቶርሽን ባር የሚባለውን ረጅም ዘንግ፣ ቡሎኑን እያጠበቁ አከረሩት። ማታ ስትወጣ ሌላ መኪና ሆናለች፤ ከፊት አምስት፣ ከኋላ ስምንት ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብላለች። በማግሥቱ ወንድሜ እስከ መሥሪያ ቤቴ በር አደረሰኝ። የሥራ ባልደረቦቼ እያዩኝ ከዚያ ከፍታ ዘልዬ ስወርድ የተሰማኝን ደስታ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

የሚያሳፍረኝ ለምን እንደሆነ ለመንገር ስለ ባሌስትራ ማውራት ይኖርብኛል።

ባሌስትራ የጣሊያንኛ ቃል ነው። በዚያ ቋንቋ የቀደመ ትርጉሙ ግን የመኪና ዕቃ አይደለም፤ የጦር መሣሪያ ነው። በእንጨት እጀታ ላይ የተጋደመ፣ ፍላጻ የሚያስፈነጥር ደጋን ማለት ነው። የቃሉም ሥር ሮማውያን ድንጋይና ጦር ይወረውሩበት የነበረው ባሊስታ ነው። ተደራርበው የጎበጡት የሠረገላ ብረቶች ደጋን ስለሚመስሉ የመሣሪያውን ስም ወረሱ። እኛም ደጋንን በሌላ ሥራው እናውቀዋለን። እናቴ ጥጥ ስትነድፍ የደጋኑ ጅማት እየተርገበገበ ጥጡን ባዘቶ ሲያደርገው አጠገቧ ተቀምጬ አድጌአለሁ። ባሕርዩ አንድ ነው፤ ጎብጦ መመለስ። ጎብጦ ሲመለስ ሰው ይገድላል፤ ጎብጦ ሲመለስ ጥጥ ያባዝታል፤ ጎብጦ ሲመለስ መንገደኛን ከድንጋይ ምት ያድናል።

የዚህን ባሕርይ ሕግ ያወጣው እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ነው። ሕጉን ያቀረበበት መንገድ ቅኔ ለሚወድ ሰው ይጥመዋል። እ.ኤ.አ. በ1676 ሕጉን በግልጽ ከመናገር ይልቅ የላቲኑን ዐረፍተ ነገር ፊደላት በትኖ፣ በፊደል ተራ አሰልፎ አሳተማቸው። ምሥጢሩ እንዳይገለጥበት፣ ሌላም ሰው «እኔ ቀድሜአለሁ» እንዳይለው ነበር። ፍቺውን የሰጠው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1678 ነው። ወርቁም ሲወጣ እንዲህ የሚል ሆነ፤ ተለጥጦ የሚመለስ ነገር ሁሉ የሚለጠጠው በተጫነው ኃይል ልክ ነው። እጥፍ ብትጭንበት እጥፍ ይጎብጣል። ባሌስትራ እንግዲህ እንደ ሚዛን ነው። የተጫነበትን ያህል ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ማለቱም የሸክሙ ምስክር ነው።

ከዚህ ሕግ በኋላም ለብዙ ዘመን ብዙዎቹ ሠረገሎች ገላቸው በቆዳ ጠፍር ተንጠልጥሎ ይወዛወዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1804 ኦባዳያ ኤሊየት የተባለ የለንደን ሠረገላ ሠሪ ሁለት ጎባጣ ባሌስትራዎችን ፊት ለፊት አጋጥሞ፣ የሠረገላውን ገላ በእነርሱ ላይ አሳርፎ የፈጠራ መብት አወጣ። ሠረገላ ቀለለ፤ ወደ መሬትም ቀረበ። የዚህ ታሪክ የመጀመሪያው ትልቅ እርምጃ ከፍ ማለት ሳይሆን ዝቅ ማለት እንደነበር ልብ በሉልኝ።

አውቶሞቢል ባሌስትራን ከሠረገላ ወረሰ። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ አዲስ አበባ የደረሰባት ሲድሌይ መኪናም የሄደችው እንደ ዘመኗ መኪኖች በባሌስትራ ላይ ነው። ቃሉ በሕዝባችን አፍ የተስፋፋው ግን በአብዛኛው ከጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበሩት አምስት ዓመታት ወዲህ ነው። ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ መንገዱንና ዋሻውን ብቻ አልነበረም ትቶ የሄደው፤ የጋራዥ ቋንቋም ትቶልናል። ቡሎን፣ ዳዶ፣ ክሪክ፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ፣ ፍሪሲዮን። ዳዶ በጣሊያንኛ ስድስት ገጽ ያላት የቁማር ጠጠርም ስም ነች። አንዳንድ ጋራዥ ገብቼ ዳዶ ሲጠብቅ ባየሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።

ባሌስትራ ብቻውን ግን ጎደሎ ነው። አንዴ ከጎበጠ በኋላ ሲመለስ አልፎ ይሄዳል፤ ደግሞ ይጎብጣል፤ መኪናዋም እንደ ጀልባ ትዋዥቃለች። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ትሩፎ የተባለ ፈረንሳዊ እርስ በርሳቸው የሚፋተጉ ሳህኖችን አጋጥሞ ይህን መዋዠቅ የሚያበርድ መሣሪያ ሠራ፤ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ሃርትፎርድ ወደ አገሩ ወስዶ አስፋፋው። በኋላ ፍትጊያው በዘይት ተተካና ዛሬ ሾክ አብዞርበር የምንለው መጣ። ብዙ ሰው ሾክ አብዞርበር መኪና የሚሸከም ይመስለዋል። አይሸከምም። የሚሸከመው ባሌስትራው ነው፤ ሾክ አብዞርበሩ የሚያረጋጋ ነው።

መኪናን ከተሠራችበት በላይ ከፍ የማድረግ ነገር አገሩ አሜሪካ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከሠራዊቱ የተረፉ ጂፖች በሰው እጅ ገቡ፤ በረሃና ተራራ መውጣት የዕረፍት ቀን ጨዋታ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1967 በሜክሲኮ የባሃ በረሃ ውድድር ከቲጁዋና እስከ ላ ፓዝ በመሮጥ ተጀመረ። ትልቅ ጎማ የፈለገ ሁሉ ጎማው የሚገባበት ቦታ አስፈለገው፤ ቦታውን ለማግኘትም ገላውን ማንሣት ግድ ሆነ። እስከዚህ ድረስ ከፍታ የመንገድ ጉዳይ ነበር። በሚዙሪ ግዛት በሴንት ሉዊስ አካባቢ ቦብ ቻንድለር የተባለ ሰው የ1974 ፎርድ ፒክአፑን እያነሣ፣ እያነሣ፣ «ቢግፉት» ብሎ ሰየመው። በ1981 አንድ ማሳ ውስጥ አሮጌ መኪኖች ላይ ወጥቶ ጨፈለቃቸው። ከዚያ በኋላ ከፍታ ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ገንዘብ ከፍሎ የሚያየው ትርኢት ሆነ። መጨረሻው ከዚህም አለፈ፤ በደቡባዊ ግዛቶች አፍንጫቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው ጭራቸውን መሬት የጣሉ ፒክአፖች በዙ። አሽከርካሪው ፊት ለፊቱ ያለውን መንገድ እንኳ በደንብ አያይም። ሰሜን ካሮላይና በ2021፣ ደቡብ ካሮላይና በ2023 በሕግ ከለከሏቸው።

እኛ ግን ትርኢት አልፈለግንም፤ ድንጋይ ለማለፍ ነበር። ቢያንስ ወንድሜ እንዲህ ነበር ያሰበው።

ከወር በኋላ በሸዋ ሮቢት ለሚሠራ የቤተ ዘመድ ቤት ስምንት ኩንታል ሲሚንቶ ጭነን ወረድን። እናታችን ከፊት፣ በመካከላችን ተቀምጣለች። የኋላው ባሌስትራ ያን ሁሉ ጭኖ ምንም ዝቅ አላለም፤ እንዲያውም ወንድሜ «እያት፣ አልተሰማትም እኮ» እያለ ይኮራ ነበር። ጣሊያን የቆፈረውን የጣርማ በር ዋሻ አለፍን። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል።

ሦስተኛው ወይም አራተኛው ጥምዝ ላይ እናቴ፣ «ልጆች፣ የሚቃጠል ነገር አይሸታችሁም?» አለች። ወንድሜ ፍሬን በረገጠ ቁጥር የመኪናዋ አፍንጫ ወደ መሬት ይደፋል፤ ጭራዋ ቀልሎ ይዋልላል። በቀኛችን ገደል ነው። ወንድሜ ማርሽ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ እንደ ምንም አንድ ሰፋ ያለ ዳርቻ ላይ አቆማት። ወርደን ስናይ ከሁለቱም የፊት ጎማዎች ጢስ ይወጣል። እናቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዝም አለች። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተን፣ የቀረውን ቁልቁለት በአንደኛ ማርሽ እየዳከርን ወረድነው። እስከ ሸዋ ሮቢት የተናገረ ሰው አልነበረም።

አዲስ አበባ ስንመለስ ሰዎች ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ መሩን። ጋሼ ምንም ሳይጠይቁን ካርቶን አንጥፈው ከመኪናዋ ሥር ገቡ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ «ና ግባ፣ ልጄ» ብለው ወንድሜን ጠሩት፤ እኔም ተከትዬ ገባሁ። ከሻንሲው ወደ ኋላው አክስል የሚወርድ አንድ ቀጭን ዘንግ በጣታቸው ነኩልን።

«ይህች ዘንግ የፍሬን ቫልቭ ታዝዛለች» አሉ። «መኪናዋ ሲጫንባት ወገቧ ዝቅ ይላል፤ ዘንጓ ትገፋለች፤ ቫልቩም ‹ተጭናለች› ብሎ ለኋላ ፍሬን ብዙ ኃይል ይለቃል። ባዶ ስትሆን ደግሞ ወገቧ ከፍ ይላል፤ የኋላው ጎማ እንዳይንሸራተት ለኋላ ትንሽ ብቻ ይሰጣል። እናንተ ወገቧን አንሥታችሁ ዘንጓን እንደነበረች ተዋችኋት። ስምንት ኩንታል ተሸክማ ባዶ ነኝ ትላለች። ሥራው ሁሉ በፊት ፍሬን ላይ ወደቀ፤ ነደደ።»

ይህን ስሰማ የሁክ ሕግ ትዝ አለኝ። ባሌስትራው ምስክር ነበር፤ እኛ በወፍራም ብረት አፉን ዘጋነው። ተጭኖበት ዝቅ አላለም፤ ዝቅ ስላላለም ሸክሙን የሚያውቅ ጠፋ።

ጋሼ ከተጨመሩት ሁለት ብረቶች አንዱን አወጡ። የፊቱን ቶርሽን ባር አላልተው ከፍታውን ወደ ሦስት ሳንቲ ሜትር አወረዱት። «ጎማ ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ይፈልጋል፤ አስቀድማችሁ እስከ መጨረሻው ካወረዳችሁት በምን ሊወርድ ነው?» አሉን። ከእያንዳንዱ ጎማ እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለኩ፤ ግራውና ቀኙ እስኪተካከል ቡሎኑን በሩብ ዙር፣ በሩብ ዙር አስተካከሉ። ሾክ አብዞርበሮቹ ለአዲሱ ከፍታ አጭር ስለነበሩ ረዘም ባሉ ተለወጡ። በክሪክ አንሥተው ጎማው በሙሉ ሲንጠለጠል የፍሬን ቱቦው እንደማይወጠር አዩ። ለዚያች ቀጭን ዘንግ የቀድሞ አቋሟን የሚመልስላት መደገፊያ አስበየዱ። የባሌስትራውን ጫፍ የሚይዙትን ቡሎኖች መኪናዋ በአራት እግሯ ሳትቆም አላጠበቁም፤ በአየር ላይ ከጠበቁ ውስጡ ያለው ጎማ ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ይኖርና ቶሎ ይበጣጠሳል። ከዚያ የጎማዎቹን አቅጣጫ አስለክተን፣ ስምንት ኩንታል አሸዋ አስጭነው እራሳቸው ነድተው ፍሬኑን ሞከሩ። «አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ተመለሱ፤ ብረት ሲረጋጋ ቡሎን ይላላል» ብለው ሸኙን። መኪናዋን ከፍ ማድረግ አንድ ቀን በቅቶት ነበር፤ ከከፍታዋ ጋር ማስታረቅ ሦስት ቀን ፈጀ።

ወንድሜ ብድሩን ከፍሎ ጨርሷል። ዛሬም በዚያች መኪና ቆላ ይወርዳል፤ ከኋላ ወደ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብላለች፤ ሲጫንባትም ዝቅ ትላለች። እኔ ግን አንድ ነገር ቀርቶብኛል። በየቀኑ ባንኩ መስኮት ላይ ለሚመጣ ተበዳሪ ሁሉ በምን እንደሚከፍል የምጠይቅ ሰው፣ ያን ቀን ጋራዡ ደጅ ቆሜ የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ስንት ከፍ ይልልናል?» ስንጭንባት እንዴት እንደምትቆም አልጠየቅሁም። እናቴ ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ አንድም ቀን አንሥታብኝ አታውቅም።

ከጋሼ ጋራዥ በተመለስን ማታ በአሮጌ የባንክ ወረቀት ጀርባ ላይ የጫርኋትን ይዤ ልሰናበት።

ከፍ ቢል ከመሬት ቀለለ መሰለው፣
ጀርባው ላይ የጫኑት ሸክም እንደሌለው፤
ዳገቱ ምን ገዶት፣ ከፍታን ያወድሳል፣
የተረሳን ሸክም ቁልቁለት ያስታውሳል።