ከግሡ ኋላ የምትከተለው ትንሽ ቃል

እንግሊዝኛ ስንማር ብዙዎቻችንን የሚያስቸግረን ረጅሙ ቃል አይደለም፤ ከአጭሩ ግሥ ኋላ የምትከተለው ትንሽ ቃል ናት። «ተርን» ማዞር፣ «ዳውን» ወደ ታች መሆኑን እናውቃለን። ሁለቱ ሲጣመሩ ግን አለመቀበል ማለት ነው። ማመልከቻው «ተርንድ ዳውን» የተባለበት ሰው፣ «ወደ ታች ተመራልኝ» ብሎ ሲጠብቅ የይግባኙ ቀን ሊያልፍበት ይችላል።

ይህ አነጋገር ከየት መጣ? በጥንቱ እንግሊዝኛ ትንሿ ቃል ብዙ ጊዜ ከግሡ ፊት ትለጠፍ ነበር። በዘጠነኛው መቶ ዓመት በሰሜንና በምሥራቅ እንግሊዝ የሰፈሩት ስካንዲናቪያውያን ግን ከግሡ ኋላ ያደርጓት ስለ ነበር፣ ልማዳቸው ለውጡን ሳያግዝ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች አገሪቱን ከያዙ ወዲህ የቤተ መንግሥቱና የመኳንንቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። በዚያ በኩል እንደ «ሰረንደር» ያሉ ቃላት ውለው አድረው ገቡ። ሕዝቡ ግን በአጭር ግሡ «ጊቭ አፕ» ማለቱን አልተወም። ሁለቱም እጅ መስጠት ናቸው፤ አንዱ የጽሕፈት፣ ሌላው የአፍ።

ሳሙኤል ጆንሰንም እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ፣ ለባዕዳን እጅግ አስቸጋሪው ይህ መሆኑን ጽፏል። እንግዲህ ችግሩ ከእኛ ስንፍና የመጣ አይደለም።

አማርኛችንም ከዚህ ነጻ አይደለም። «ብድግ አለ»፣ «ዝም አለ» ስንል የተናገረ ሰው የለም። «አለ»ን ለብቻው ያጠና የውጭ አገር ሰው ምን ይረዳል? ስለዚህ ግሡንና ተከታዩን ሳንነጣጥል፣ ከነዓረፍተ ነገሩ በደብተራችን እንጻፍ።