ከጥድ እስከ ጉሎ፤ የሐረር ማገዶ አጭር ታሪክ

የማገዶ ጉዳይ በታሪክ ድርሳናት ውስጥ ብዙ ስፍራ አልተሰጠውም። ይሁን እንጂ አንድ ከተማ በተቈረቈረበት ቦታ ጸንቶ ለመኖር ከውኃና ከእህል ቀጥሎ የሚያስፈልገው የሚነድ ነገር መሆኑን የአገራችን ታሪክ በግልጽ ያስረዳል። ለዚህም ሐረር መልካም ምሳሌ ናት።

ጊደር መጋላ በሐረሪ ቋንቋ «ትልቁ ገበያ» ማለት ነው። ይህ ገበያ የሚገኝበት የጁገል ግንብ በ16ኛው ምዕተ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን ሲሠራ ከተማይቱን ከጠላት ጠብቋል፤ ነገር ግን በ48 ሄክታር ገደማ ስፋት ውስጥ ተጨናንቆ ለሚኖር ሕዝብ የሚበቃ እንጨት ከግንቡ ውስጥ ሊበቅል አይችልም። ስለዚህ እህሉም ሆነ ማገዶው በበሮቹ በኩል ከአካባቢው ገጠር መግባት ነበረበት። እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ የማገዶ ሸክም ይዘው ወደ ከተማይቱ የሚገቡት በአብዛኛው የኦሮሞ ሴቶች ነበሩ። የሐረሪ ቤት ጠፍጣፋ ጣሪያም የሚያርፈው በጥድ ግንዶች ላይ ነው። ጥድ ግን ለአግዳሚነት የሚበቃ ውፍረት ለማግኘት ዐሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። በመሆኑም በዙሪያው ያለው ደን ከሚተካው በላይ በተቈረጠ ቍጥር ገበያው እየራቀ፥ የተሸካሚዋም መንገድ እየረዘመ መሄዱ የማይቀር ነበር።

ይኸው ችግር በአዲስ አበባ ከዚህ በከፋ ሁኔታ ደርሷል። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ጥቂት ዓመታት ሳይቈይ በአካባቢዋ የነበረው ጥድና ወይራ በመመናመኑ፥ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ሐሳቡን ካስቀሩት ምክንያቶች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን የገባው ይህ የአውስትራሊያ ዛፍ፥ ሞንዶን ቪዳዬ በተባለው ፈረንሳዊ አማካሪ አሳብ እንደመጣ ይነገራል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገዶና ለቤት ማገር ይደርሳል፤ ሲቈረጥም ከጉቶው እንደገና ያቈጠቍጣል። ከብት ቅጠሉን ስለማይበላው አጥር አያስፈልገውም። ውኃ ይመጥጣል በሚል ሥጋት በ1905 ዓ.ም. አብዛኛው ተነቅሎ በምትኩ የእንጆሪ ዛፍ እንዲተከል የወጣው ትእዛዝ ግን ከቶ አልተፈጸመም፤ ሕዝቡ ሌላ ማገዶ አልነበረውምና።

በሐረር ዙሪያም ባሕር ዛፍ ተስፋፍቷል። ሆኖም የቦታው ጠባይ ልዩ ነው። ዓመታዊው ዝናብ 800 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፥ ገበሬው ያለችውን ጠባብ ማሳ ለማሽላ፥ ለጫትና ለአትክልት ያውላታል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የሐረማያ ሐይቅ መድረቁ ደግሞ ውኃ በዚህ አካባቢ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ለሁሉም አሳይቷል። ለሐይቁ መድረቅ ዋና ዋና ምክንያቶች የመስኖ፥ የከተማ ውኃና የደለል ጉዳዮች ቢሆኑም፥ በዚህ ምድር ውኃ አብዝቶ የሚሻ ተክል መትከል የግል ውሳኔ ብቻ ሆኖ ሊቀር እንደማይገባው ትምህርቱ ግልጽ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው ከሐረር በስተደቡብና በስተምሥራቅ ካለው ቈላ ነው። በ1999 ዓ.ም. ፍሎራ ኢኮፓወር የተባለ የጀርመን ኩባንያ ከጉሎ ፍሬ ለናፍጣ የሚሆን ዘይት ለማምረት በፈዲስና በባቢሌ ሥራ ጀመረ። በ2000 ዓ.ም. መግቢያ መንግሥት የባዮ ነዳጅ ስትራቴጂ ያወጣበት፥ የነዳጅ ዋጋም በዓለም ገበያ የናረበት ወቅት ነበር። ነገር ግን የተመነጠረው መሬት የባቢሌን የዝሆኖች መጠለያ በመንካቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ ሥራውም ጥቂት ዓመታት ሳይቈይ ተቋረጠ። ማሳቸውን ከእህል ወደ ጉሎ ያዞሩ ገበሬዎች ገበያውን አጡ። በአንጻሩ ከስኳር ተረፈ ምርት የሚገኘው ኤታኖል ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር ሊቀላቀል የቻለው፥ አዲስ መሬት ሳይሻ ከፋብሪካው ሞላሰስ ስለሚወጣ ነው።

ከዚህ ጋር ሊነጻጸር የሚገባው የአዊ ዞን ልምድ ነው። በፋግታ ለኮማ ወረዳ አሲዳማ በሆነው መሬት ላይ እህል እምቢ ያላቸው ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዘር ተከሉ። በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣሩ ለከብት ይታጨዳል፤ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ውስጥም ዛፉ ተቈርጦ ከሰል ይሆናል። መሬቱም ናይትሮጅን አግኝቶ ወደ እህል ይመለሳል። ዘዴው ከገበሬው ፍላጎት የተነሣ በመሆኑ ያለ ቅስቀሳ ተስፋፋ። በኋለኞቹ ዓመታት የደረሰበት የዛፍ በሽታ ግን በአንድ ዝርያ ብቻ መተማመን የሚያስከትለውን አደጋ አሳይቷል።

እዚህ ላይ የመሐንዲሱ ድርሻ ይመጣል። በሦስት ጕልቻ ላይ ከሚነደው እንጨት ለድስቱ የሚደርሰው ሙቀት ከዐሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ነው። በባህላዊው የአፈር ክምር ከሚከሰለው እንጨትም በክብደት ከዐሥር እስከ ሃያ በመቶው ብቻ ከሰል ሆኖ ይወጣል። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ፍጆታውን በግማሽ ያህል መቀነሱ፥ «ላቀች» የከሰል ምድጃም ከቆርቆሮው ምድጃ ብልጫ ማሳየቱ የሚያመለክተው፥ አንድ ሄክታር ከመትከል አስቀድሞ አንድ ሄክታር ማዳን እንደሚቻል ነው።

ስለዚህ የኃይል ተክል ዕቅድ ሲነደፍ መጀመሪያ የሚመረመረው የዛፉ የእድገት ፍጥነት መሆን የለበትም። ውኃው ከየት ይመጣል? ከየትኛው ማሳ ላይ ይተከላል? ምርቱን ማን ይገዛል? እነዚህ ጥያቄዎች አስቀድመው መልስ ካላገኙ፥ የዕቅዱን ጉድለት በመጨረሻ የሚሸከመው ባለ ኩባንያው ሳይሆን ገበሬው፥ እንዲሁም ሸክሟን በጀርባዋ አዝላ ወደ ሐረር በሮች የምትወጣው ሴት ናት።