ከጭላሎ ተራራ ግርጌ የወጣው «ድፍረት»

እ.ኤ.አ. በ1996 መገባደጃ ላይ አውስትራሊያዊው ዳይሬክተር ባዝ ለርማን የሼክስፒርን «ሮሜዎና ዡልየት» ለዘመኑ ሲኒማ አበቃው። ሰይፉን በሽጉጥ፣ ፈረሱን በመኪና ተካው፤ ቬሮናንም ሜክሲኮ ላይ ሠራት። ንግግሩን ግን በሼክስፒር ቋንቋ ተወው። በተውኔቱ ዡልየት ገና አሥራ አራት ዓመት አልሞላትም። አባቷ ለፓሪስ ሊድራት ቀን ቆርጧል፤ እምቢ ካለችም ከቤት እንደሚያባርራት ዝቷል። በለርማን ፊልም ራሷን የምታጠፋው በሮሜዎ ሽጉጥ ነው።

በዚያው ዓመት ከአሰላ ብዙም በማይርቅ የአርሲ ገጠር አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ከበቧት። ይዘዋት ሄዱ፤ ቤት ውስጥ ተቆለፈባት፤ ሊያገባት የፈለገው ሰውዬ ደፈራት። ጠመንጃውን አንስታ አመለጠች። ተከታትሎ ሲደርስባት ተኮሰች፤ ሰውየው ሞተ። በሁለቱም ታሪኮች ውስጥ በዕድሜ እኩያ የሆነች ልጅ፣ ያልፈለገችው ባልና የወንድ መሣሪያ አሉ። ከአርሲው ታሪክ የጎደለው ፍቅር ብቻ ነው።

ዓመቱ ለአርሲ የደስታም ዓመት ነበር። በአትላንታ ኦሎምፒክ የበቆጂ አካባቢ ልጅ ፋጡማ ሮባ ማራቶንን አሸንፋ፣ በዚህ ርቀት የኦሎምፒክ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች። የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴም የ10 ሺህ ሜትሩን ወርቅ ወሰደ። ኃይሌ በልጅነቱ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥበት የነበረው መንገድ በዓለም ታወቀ፤ «ኢንዱራንስ» የተባለው ፊልምም ታሪኩን እዚያው አርሲ ድረስ ሄዶ ቀረጸው። ለሴት ልጅ ግን የአርሲ የትምህርት ቤት መንገድ ሌላ ታሪክም ነበረው። ከገብስ ማሳው መሐል የሚያልፈው ረጅም መንገድ ጠላፊ የሚያደባበት መንገድ ነበር።

ጠለፋ የአርሲ ብቻ አይደለም፤ በሰሜኑም በደቡቡም የቆየ ነገር ነው። በኦሮሞ ወግ ጋብቻ ብዙ መልክ አለው። የተከበረው፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ተጠይቆ፣ ከብት ተቆጥሮ የሚፈጸመው ነው። «አሴና» የሚባለውም አለ፤ ልጅቷ ራሷ ተነሥታ ከወደደችው ቤት ትገባና አልወጣም ትላለች። ፍቅር የሚፈልግ ደራሲ ሄዶ መፈለግ ያለበት እዚያ ነው። «ቡቲ» ግን ሌላ ነው። ጥያቄው ተቀባይነት ያጣ፣ ለጥሎሽ ከብት ያጠረው ወይም ተቀናቃኝ ይቀድመኛል ብሎ የሰጋ ጎረምሳ ጓደኞቹን ያስተባብርና ልጅቷን ከወንዝ፣ ከገበያ ወይም ከትምህርት ቤት መልስ ያፍናታል። ራቅ ያለ ዘመድ ቤት ወስዶ ይደብቃታል። ቀጥሎ ሽማግሌ ይልካል። ወላጆች ይቆጣሉ፣ ይፎክራሉ፤ በመጨረሻ ግን «አንዴ ሆኗል» ይባልና ከብቱ ይቆጠራል። ልጅቷን የሚጠይቃት የለም። ተማምለው፣ ተስማምተው «ጠለፈኝ» የሚባባሉም አይጠፉም ነበር፤ ለልማዱ ጠበቃ የቆሙ ሰዎች ሁልጊዜ የሚጠቅሱት እነዚህን ነው።

የመንግሥት ሕግስ? የስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል አድርጎታል፤ ቅጣቱ ግን ከሦስት ዓመት የማይበልጥ እስራት ነበር። ሕጉ ደግሞ የተጠለፈችው ወይም የተደፈረችው ሴት አድራጊውን በፈቃዷ ካገባችው ክስ አይቀርብም ይል ነበር። ቤት ተቆልፎባት የከረመች ልጅ «ፈቃዷ» ምን እንደሚመስል የጠየቀ አልነበረም። የጄኔቫው ፕሮፌሰርና የመንደሩ ሽማግሌ ተመካክረው አያውቁም፤ ውሳኔያቸው ግን አንድ ሆነ፦ ይጋቡና ይለቅ።

እዚህ ላይ አንባቢ «አርሲ ሲንቄ የለውም ወይ?» ቢል አይፈረድበትም። ሲንቄ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች በትር ናት፤ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን ትሰጣታለች። በትሯ ለመደገፊያ አይደለችም፤ የሴት መብት ምልክት ናት። ባል ሚስቱን ያላግባብ ሲመታ፣ በተለይ አራስ ሆና የአራስነት ምልክቷን ቀነፋን ግንባሯ ላይ አስራ ሳለች እጁን ሲያነሣባት፣ እልልታና ጩኸት ይሰማል። ጎረቤት ሴቶች ሊጡን ከቡሃቃው፣ ላሟን ከነጥጃዋ ትተው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። የሚያስቀር ባል የለም። ዘፈን እያወረዱ ከበዳዩ ደጅ ይሄዳሉ፤ ይቅርታ ሳይጠይቅ፣ ከብት ሳያርድ አይመለሱም። የሚጣላ ወንድ መሐል ሲንቄ ይዘው ከቆሙ ጠቡ እዚያው ይቆማል፤ አልፎ የሚማታ የተረገመ ነው።

ይህን የሚያህል ኃይል የነበራቸው ሴቶች በነበሩበት አገር ጠለፋ እንዴት ኖረ? አንዱ መልስ ከበትሯ ላይ አለ። ሲንቄ የምትሰጠው በወግ ለተዳረች ሴት ነው። ሚስትንና እናትን ትጠብቃለች። ደብተር ይዛ ከትምህርት ቤት የምትመለሰው ልጅ ገና በትር አልተሰጣትም፤ የአባቷ ልጅ ናት፣ ጉዳይዋም የወንዶች ሸንጎ ጉዳይ ነው። ሲንቄን የሚያወድሱ ጽሑፎች ይህን ቀዳዳ ዘለውት ሲያልፉ ማየት የተለመደ ነው፤ መዝለል ግን አይገባም።

ከተኩሱ በኋላ ተማሪዋ በሰው መግደል ተከሰሰች። ከአንድ ዓመት በፊት የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት። ከመሥራቾቹ አንዷ መዓዛ አሸናፊ ስትሆን፣ ከዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆና ተሾማ ነበር። ክርክሩ ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። ፍርድ ቤቱ ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። ይሁን እንጂ የመንደሩ ሸንጎ የራሱን ውሳኔ ሰጥቶ ስለነበር ወደ ቀዬዋ መመለስ አልቻለችም። ነፃ ተብላ ተሰደደች።

ጉዳዩ በጋዜጣም በሬዲዮም ተነገረ፤ ለሕግ ማሻሻያው ዘመቻም ጉልበት ሆነ። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 15 ዓመት የነበረውን የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ወደ 18 ከፍ አደረገ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 587 የጠላፊን ቅጣት ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት አደረሰው፤ ጋብቻ መፈጸሙም ከተጠያቂነት አያድንም አለ። የቀድሞው ነፃ መውጫ ተቀበረ።

የተማሪዋን ታሪክ የያዘው ፊልም የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የሠራው «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በጥር 2014 በሰንዳንስ፣ በወሩ ደግሞ በበርሊን የተመልካች ሽልማት አገኘ። ትዝታ ሀገሬ ተማሪዋን፣ ሜሮን ጌትነት ጠበቃዋን ሆነው ተጫውተዋል፤ አንጀሊና ጆሊም ስሟን አበድራለች። ለኢትዮጵያ ሲኒማ ትልቅ ቀን ነበር። የኦሮሞ ወግ በፊልም ሲታይ የመጀመሪያው አልነበረም፤ ሚሼል ፓፓታኪስ ከአብዮቱ ዋዜማ በሠራው «ጉማ» የደም ካሳን ሥርዓት አሳይቶ ነበር። «ድፍረት» ግን ሸንጎውንና ችሎቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ከፊልሙ ጥሩ ቦታዎች አንዱ ዛፍ ሥር የተቀመጡት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ክፉ ሰዎች ሆነው አልተሳሉም፤ የሚያውቁትን ሕግ ያከብራሉ፤ የሚያስፈሩትም በዚሁ ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 ፊልሙ በአዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ ተመልካች ቦታውን ይዞ ሳለ የፍርድ ቤት እግድ መጣ። የታሪኩ ባለቤት ሕይወቴ ያለ ፈቃዴ ተወሰደ ብላ ከስሳለች። በፊልሙ ስሟ ተቀይሯል፤ ታሪኩ ግን የማን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ዳይሬክተሩና አድናቂዎቹ ደነገጡ። መደንገጥ ግን አልነበረባቸውም፤ ፊልሙ ከዳር እስከ ዳር የሚከራከረው ስለ አንዲት ልጅ ፈቃድ ነውና።

«ድፍረት» ጥሩ ፊልም ነው፤ መታየትም አለበት። ቋንቋው አማርኛ መሆኑና ሲንቄ የያዙት ሴቶች በታሪኩ ቦታ ማጣታቸው ግን ለአርሲ ልጆች ሥራ ትቷል። ዛሬ በአሰላና በአዳማ በኦሮምኛ ፊልም የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። የአሴናን ታሪክ፣ በፍቅሯ ጸንታ ከወደደችው ደጅ የቆመችውን ልጅ፣ ቢሠሩ ሼክስፒርን መዋስ አያስፈልጋቸውም። የእውነተኛ ሰው ታሪክ ከነኩ ግን ካሜራውን ከማውጣታቸው በፊት ሄደው ባለቤቷን ይጠይቁ።